ሃያ አራት ሰዓት የጠበቀ ዋጋ

ጋሽ አብዱናሲር በአዳይቱና በአዋሽ የከብት ገበያ ሃያ ሦስት ዓመት ሲደልሉ አንድም ቀን ለመጀመሪያው ዋጋ መልስ ሰጥተው አያውቁም። ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው፤ ሲነግሩኝም ኩራታቸውን አልደበቁም። በዚያ ገበያ ዋጋ በአፍ አይጮህም። ገዢው በሽርጥ ጫፍ ስር የደላላውን እጅ ይይዝና ጣቶቹን እየጨበጠ የሚሰጠውን ይነግረዋል፤ ዙሪያውን የቆመው ሰው የሚያየው ፊታቸውን ብቻ ነው። ገዢው ጣታቸውን ሲጨብጥ ጋሽ አብዱናሲር መፋቂያቸውን ከአንዱ ጉንጫቸው ወደ ሌላው ያሻግሩና የግመሏን ጉልበት ያያሉ። ሰውየው ያልገባቸው መስሎት ይደግማል። አሁንም ጉልበቷን ያያሉ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጨብጥ ጣት ጨምሮ ነው። «እኔ ምን አልኩት? ራሱ ነው የጨመረው» ይሉና ይስቃሉ።

እኔ በበኩሌ እንዲህ ያለ ነገር አይመቸኝም። ፍሬምናጦስ እባላለሁ፤ ሰመራ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ቀኑን ሙሉ መልስ ካላገኙ ደብዳቤዎች ጋር ነው የምውለው፤ ባለጉዳዩ በመስኮቱ አንገቱን አስግጎ «ምን ደረሰ?» ሲለኝ «ገና አልተመራም» እያልኩ። አዎ ወይም አይሆንም ማለት ምን እንደሚከብድ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ከደብረ ታቦር ወርጄ እዚህ አሥራ አንድ ዓመት ስኖር ጠባዬን ካበላሹት ነገሮች ከፀሐዩ ቀጥሎ ይሄ ነው።

ቢሆንም ጋሽ አብዱናሲርን ወደድኳቸው። ግቢያቸው ውስጥ አንዲት ክፍል ልከራይ ስመጣ «ሁለት ሺህ ብከፍልስ?» አልኳቸው፤ ዝም አሉ። የሰውን ቤት ያቃለልኩ መስሎኝ አፈርኩና ሁለት መቶ ጨመርኩ። ባለቤታቸው ሐቢባ ጓዳ ሆና ሳቋን መያዝ አቃታት። እሷን «አንቺ» የምላት ራሷ አስገድዳኝ ነው፤ አንቱ ስባል ያረጀሁ ይመስለኛል ብላ። ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ከግቢው በር አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቅ ሽርጥና ሻሽ ትሸጣለች፤ ዋጋ ስትጠየቅ ቶሎ ትናገራለች።

ጋሽ አብዱናሲር የተወለዱት ባቲ አጠገብ ነው። በ1986 ዓ.ም. አዋሽ ሰባት ሲወርዱ ሥራቸው ጆንያ መሸከም ነበር። አፋርኛውን ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ከሚያርፉ ግመል ነጂዎች ቀሰሙት። የአሰብ መንገድ ተዘግቶ መኪናው ሁሉ ወደ ጅቡቲ ሲዞር የከብት ነጋዴውም በዚሁ መንገድ በዛ፤ ከአርብቶ አደሩ ጋር በቋንቋው ተነጋግሮ ከነጋዴው ጋር በአማርኛና በተሰባበረ አረብኛ የሚግባባ ሰው ተፈላጊ ሆነ። ቋንቋው ሥራውን አስገኘላቸው፤ ስም ያወጣላቸው ዝምታቸው ነው። እሳቸው እንደሚሉት ገበያ ላይ የተሰጠ ዋጋ ገበያው እስኪፈታ በሕይወት አለ። ገዢው ተቆጥቶ እጁን ነጥቆ ቢሄድ እንኳ አይሞትም። አምስት እርምጃ፣ አሥር እርምጃ ይሄዳል፤ ከዚያ ይመለሳል፤ ሲመለስም ጨምሮ ነው። ስለዚህ ደላላ ከሁሉም ጊዜ ይልቅ አፉን መያዝ ያለበት ገዢው ጀርባውን ሲሰጥ ነው። ያኔ «ና ተመለስ» ብሎ የተጣራ ደላላ ከብቱን በገዢው ዋጋ ሰጠ ማለት ነው።

ችግሩ፣ ይህን ጥበባቸውን ገበያ ጥለውት አልገቡም። ገበያ ላይ ዝም ሲሉ ሰው ይጨምርላቸዋል፤ ቤታቸው ውስጥ ዝም ሲሉ ሐቢባ ትቀንሳለች። በዓይኔ ያየሁትን ነው የምናገረው። አንድ ሚያዝያ ሙቀቱ ሲብስ «ፍሪጅ እንግዛ» አለች። ዝም። በማግስቱ «ትንሿም ትበቃናለች፣ ያገለገለችም ትሁን» አለች። ዝም። በሳምንቱ «እሺ ቬንትሌተር እንኳ ይሁን» አለች፤ ቬንትሌተር ተገዛ። ልጃቸው ሃፍሳ ደሴ ላይ ስትወልድ አርባ ቀን ላርሳት ብላ ጀምራ በአሥር ቀን ጨረሰች። ጋሽ አብዱናሲር ክፉ ሰው አይደሉም። ከሚስታቸው ጋር እየተደራደሩ መሆናቸውን የሚያውቁም አይመስለኝም። አንድ ጊዜ ደፍሬ «ለምን አይመልሱላትም?» ብላቸው «አልከለከልኳትም እኮ» አሉኝ፣ ከልባቸው ተገርመው።

ሐቢባ ያልቀነሰችው አንድ ነገር ሐጅን ነበር። አሳይታ ላይ ኒካሕ ካሰሩ ጀምሮ «ሁለታችን፣ አብረን» እንዳለች ነው። ጋሽ አብዱናሲርም በዚህ ነገር አፋቸውን ከፍተው ቃል ገብተውላታል፤ ፒካፗ ስትሸጥ ይሆናል ብለው። ፒካፗ ከገበያ ገበያ የዞሩባት ነጭ ቶዮታ ናት። ስኳር እግራቸውን ካደከመው ወዲህ በግቢው ጥግ ሸራ ለብሳ ቆማለች፤ ከእሷ ሌላ የረባ ሀብት የላቸውም። በ2014 ክረምት ደግሞ የሐቢባ ልብ መድከም ጀመረ። ሐኪሙ ብዙ እንዳትቆም፣ እንዳትሮጥ ነገራት። በተከተለው ዓመት ምዝገባው መጀመሩ ሲሰማ «ዘንድሮ ካልሆነ፣ ከርሞ ጉልበቱ ይኑረኝ አይኑረኝ አላህ ነው የሚያውቀው» አለች። ምዝገባው የሚዘጋው በአንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነበር።

የሎግያና የሰመራ ደላሎች መጥተው ፒካፗን አይተው፣ አስቀድመው በተስማሙበት ዋጋ አረከሷት። ጋሽ አብዱናሲር የሙያ ጓዶቻቸውን ተንኮል ጠንቅቀው ያውቃሉና ሻይ አጠጥተው ሸኟቸው። የስልኩን ገበያ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ዕቃህን ፎቶ አንስተህ የምትፈልገውን ጽፈህ ታወጣለህ፤ ገዢው ካለበት ከተማ ሆኖ የራሱን ዋጋ ይልካል፤ ሻጩ «እስማማለሁ»፣ «አልስማማም» ወይም «ጨምር» ከሚሉት አንዱን ይነካል። የአንዱ ስልክ ቁጥር ለሌላው የሚታየው ከተስማሙ በኋላ ነው። የገዢው ዋጋም ሰዓት አለው። ሰዓቱ ካለቀ ዋጋው ራሱን ያጠፋል፤ ተከትለህ የምትጠራው ሰው የለም።

ምዝገባው ሊዘጋ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ እሁድ ዕለት፣ መኪናዋን ገበያው ላይ ሳወጣ ስልኩ አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ የሚመጣው ዋጋ ሃያ አራት ሰዓት ይቆይ፣ አርባ ስምንት ወይስ ሰባ ሁለት? ሃያ አራቱን ነካሁ። ማንም አላዘዘኝም። መልስ የሚያቆይ ሰው ስለማልወድ ብቻ ነው ያደረግኩት። ከዚያ ዋጋው ሰዓት እንዳለው ለጋሽ አብዱናሲር ቁጭ ብዬ አስረዳኋቸው። ዝም አሉኝ፤ ገብቷቸዋል ብዬ ተውኩት።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ዋጋ መጣ። «ፍቅረ ሥላሴ፣ አዋሽ» ይላል። እኛ የጻፍነው አንድ ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ ነበር፤ ሰውየው አንድ ሚሊዮን ሰጠ። ሐቢባ ከሱቋ ሮጣ መጣች፤ መሮጥ እንደሌለባት ረስታዋለች። አንድ ሚሊዮኑ ለሁለት ሰው ከነስንቁ ይበቃል፤ ይህን ከእኛ በፊት አስልታ ጨርሳለች። «አልሐምዱሊላህ» ብላ ደረቷን ይዛ በሩ ላይ ተቀመጠች።

«እስማማለሁ ልበለው?» አልኳቸው።

ጋሽ አብዱናሲር መፋቂያቸውን አሻገሩ።

«ካልሆነም ጨምር እንበለው። ለዚያም የሚነካ ቦታ አለው።»

«ጨምር ያልከው ሰው አይጨምርም» አሉኝ። «ተወው፣ ይብሰል።»

ከዚያ ከዋጋው ስር እየቀነሰ የሚሄደውን ሰዓት አዩና ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። የቀረው ጊዜ ነው አልኳቸው። «እሱም ያየዋል?» አሉኝ። «ያያል መሰለኝ» አልኩ፤ በእርግጥ አላውቅም ነበር። ፊታቸው በራ።

«እንግዲያማ ሊሄድ ተነስቷል ማለት ነው» አሉ። «ያዝ ስልኩን፣ እንዳትነካው።»

ስህተቱ የተሠራው እዚህ ላይ ነው፤ ማንም ሌላ ሰው የሚሠራው ስህተትም አይደለም። እኔ ብሆን ሰዓት እያለቀ ነው ስባል እደነግጣለሁ። እሳቸው ግን ያዩት ጀርባውን ሰጥቶ እርምጃ የሚቆጥር ገዢ ነው። የሰዓቱ ቁጥር ባነሰ መጠን እሳቸው ደስ እያላቸው ሄደ። ለምሳ ስመጣ አሥራ ዘጠኝ ሰዓት ከምናምን ቀርቶታል፤ «ገና አራት እርምጃ አልሄደም» አሉኝ።

ሐቢባ ያን ቀን ሱቋን ሦስት ጊዜ ዘግታ መጣች። መጀመሪያ «የሃፍሳ አባት፣ ይበቃል እኮ» አለች። ሁለተኛ ስትመጣ «ሰውየው ሐሳቡን ቢቀይርስ?» አለች። ሦስተኛ ስትመጣ ቆማ ስልኩን አይታ ተመለሰች። ማታ ላይ እኔው ልነካው አሰብኩ፤ ስልኩ ግን የሳቸው፣ መኪናዋም የሳቸው ናት፤ ሰው አምኖ የሰጠኝን ነገር ከጀርባው መጨረስ አልሆነልኝም። ዛሬም ድረስ ያ ጨዋነት ነበር ወይስ ፈሪነት ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ።

ማክሰኞ ጠዋት ሦስታችንም ግቢው ውስጥ ነን። ስልኩ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ሃያ ደቂቃ ሲቀረው «ጋሼ፣ እባክዎ» አልኳቸው። እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙኝ። አምስት ደቂቃ ሲቀረው ወደ ፊት ጎንበስ አሉ፤ «አሁን ነው» አሉ ለራሳቸው። ሐቢባ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛለች። ከዚያ ቁጥሩ አለቀ። የሰውየው ስም ደበዘዘና ከስሩ «የዚህ ዋጋ ጊዜ አልፏል» የሚል ጽሑፍ መጣ።

ጋሽ አብዱናሲር ጽሑፉን እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። አነበብኩላቸው። «እሺ፣ አሥር እርምጃ ይሂድ» አሉ።

ሥራ ገብቼ ለምሳ ስመለስ እዚያው ናቸው፤ በርጩማውን ወደ ጥላው አስጠግተዋል እንጂ አልተነሱም። ከሰዓት በኋላ ስመለስም እዚያው ናቸው። መፋቂያው ከአፋቸው ወጥቷል።

«ቁጥሩን ስጠኝ፣ ልደውልለት» አሉኝ።

«የለም ጋሼ። ብንስማማ ነበር የሚታየው።»

«ታዲያ ስሙን ንካና ጻፍለት።»

«አይቀበልም። አልቋል።»

«የተሰጠ ዋጋ እንዴት ነው የሚጠፋው? ሰውየው አልሞተ» አሉ። መልስ የመስጠቱ ተራ የኔ ሆነና እኔም የምለው አጣሁ። ወደ ሱቁ አየት አድርገው፣ «አዋሽ ነው ያለው አይደል? ነገ እንሂድ» አሉ።

ረቡዕ ሊነጋጋ ሲል በራሷ በፒካፗ ተነሳን፤ የምነዳው እኔ ነኝ፤ ከመሥሪያ ቤቴ የአንድ ቀን ፈቃድ ለምኜ። ሐቢባ ሁለቱን ፓስፖርት በጨርቅ ጠቅልላ መመዝገቢያው ቤት ደጃፍ ልትቀመጥ ነው። ሰውየው ተገኝቶ ገንዘቡን በባንክ ቢያስገባ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ይደርሳል። በመስኮቱ በኩል «በዚያው ዋጋ፣ የሃፍሳ አባት» አለች። ጋሽ አብዱናሲር በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሲነቀንቁላት ያየሁት ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ከጅቡቲ የጫኑ ከባድ መኪናዎች ከፊታችን ተሰልፈው ስለነበር እስከ ሚሌ በዝግታ ተጎተትን። አዳይቱ ላይ ጋሽ አብዱናሲር ቁም አሉኝ። እኔ ለሰዓቱ እየተንገበገብኩ እሳቸው ወርደው ከአንድ ሽማግሌ አፋር ጋር ተቀመጡ። አፋሮች ዳጉ የሚሉት ሥርዓት አላቸው፤ ሲገናኙ ከየት እንደመጡ፣ ምን እንዳዩ፣ ማን እንደታመመ፣ የት እንደዘነበ አንዱ ለሌላው ሳይቆራርጥ ይናገራል፤ የሰማ ሰው ደግሞ ለሚቀጥለው ሰው የማድረስ ግዴታ አለበት። ጋሽ አብዱናሲር በዚያው መካከል ፍቅረ ሥላሴ የሚባል፣ አዋሽ የሚኖር፣ መኪና የሚፈልግ ሰው ብለው ጨመሩ፤ ስልክ ቁጥራቸውንም ሰጡ። ሩብ ሰዓት ፈጀ። ገዋኔን ሳናልፍ የማላውቀው ቁጥር ደወለልን፤ ሰውየው ጎማ ጠጋኝ ነው፣ ጎሚስታው ከነዳጅ ማደያው ቀጥሎ ነው። ስልኩ ሊሰጠን ያልቻለውን ሰው ዳጉ በሁለት ሰዓት አገኘልን፤ ተስፋዬ ለመለመ።

አዋሽ የደረስነው ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ፍቅረ ሥላሴ አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ክንዱ እስከ ትከሻው የጠቆረ፣ ፈገግታ የሚቀድመው ሰው ነው። ማን እንደሆንን ስንነግረው ፈገግታው ቀረ። ዓይኔን ወደ ጎን ስጥል ከጎሚስታው ጥላ ስር አንዲት ግራጫ ፒካፕ ቆማለች፤ ሰሌዳዋ የሌላ ክልል ነው።

«ትናንት ከሰዓት ገዛኋት» አለ፣ ዓይኔን ተከትሎ። «አባቴ፣ ሰኞ ዋጋ ሰጥቼ ቀኑን ሙሉ ስልኬን ሳይ ዋልኩ። አይሆንም ብትሉኝ ደግ። ዝም ሲሉኝ፣ ናቁኝ አልኩ። የጎሚስታ ገንዘብ አልበቃቸውም አልኩ።»

«ስትሄድ ለምን አልተመለስክም?» አሉት ጋሽ አብዱናሲር። «ሰዓቱ ሲያልቅ ምን አሰብክ?»

«የቱ ሰዓት?» አለ ሰውየው። ግራ ገባው። «ማክሰኞ ጠዋት ነው? የተሳቢ ጎማ እየፈታሁ ነበር። ማለቁንም ያየሁት ኋላ ነው።»

ጋሽ አብዱናሲር ግራጫዋን ፒካፕ ማየት ያዙ። ፍቅረ ሥላሴ ያሳዘናቸው መስሎት ሊያጽናናቸው ፈለገ መሰለኝ፣ ጭራሽ የባሰውን ተናገረ።

«ትንሽ ጨምር ብትሉኝ እኮ እጨምር ነበር። መቶ ሺህ ለዚያ ብዬ ለይቼ ይዤ ነበር። አንድ ቃል ብትሉኝ።»

ጋሽ አብዱናሲር እጃቸውን ዘርግተው የሰውየውን ግራሶ የነካ እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ። «አልናቅሁህም ልጄ» አሉት። «በአላህ፣ አልናቅሁህም። እኛ እንደዚህ ነው የምንገበያየው። አውፍ በለኝ።» ፍቅረ ሥላሴም «ኧረ አባቴ፣ ምን በደሉኝ» እያለ ውሃ አምጥቶ አጠጣን። እንዲህ ያለ ጥሩ ሰው ማጣታችን ይበልጥ አበሸቀኝ።

መኪናው ውስጥ ተመልሰን ለሐቢባ ደወልኩና ስልኩን ለሳቸው ሰጠኋቸው። ድምፅ ማጉያው ክፍት ነው። «ወዬ» አለች። ከጀርባዋ የሰው ድምፅ፣ ስም የሚጠራ ሰው ይሰማል። ጋሽ አብዱናሲር ከንፈራቸው ተላቀቀ፤ ቃል ግን አልመጣም። ገበያ ላይ የሚያውቁት ዝምታ እንዳልሆነ ፊታቸውን የሚያይ ሰው ያውቃል፤ ሐቢባ ፊታቸውን አታይም። ጥቂት ጠበቀችና «እሺ» አለች። «ገባኝ። በመንገድ ተጠንቀቁ፣ መኪናው በዝቷል።» ዘጋችው። ጋሽ አብዱናሲር ስልኩን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው እስከ ሚሌ በመስኮት ወደ ውጭ እያዩ ሄዱ።

እኔም በመንገዱ ሁሉ ስለዚያች ሃያ አራት ሰዓት ሳስብ ነበር። አርባ ስምንቱን ብነካ ምን ይለወጥ ነበር? ምናልባት ሌላ ቀን ዝም ይሉ ነበር። ምናልባትም ሐቢባ በሁለተኛው ቀን ታሸንፋቸው ነበር። መልስ የሚያቆይ ሰው አልወድም እያልኩ ለሰው መልስ ጊዜ የቆረጥኩለት እኔ ነኝ፤ ከመሥሪያ ቤቴ አለቆች የምለየው እነሱ ስለሚያረዝሙት እኔ ስላሳጠርኩት ብቻ ሆኖ ታየኝ። ይህን ለጋሽ አብዱናሲር ነገርኳቸው። «አንተ ምን አደረግህ» አሉኝ፣ እያዩኝ አይደለም።

ፒካፗ የተሸጠችው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። የሎግያ ሰው በስልኩ ስምንት መቶ ሃምሳ ሺህ ላከ። ገና አንብቤ ሳልጨርስ ጋሽ አብዱናሲር «እሺ በለው» አሉኝ። ነካሁ። ሰውየው ወዲያው ደወለ፤ ድምፁ ላይ ጥርጣሬ አለ። «ሞተሯ ምን ሆኗል?» አለ። ጋሽ አብዱናሲር ምንም አልሆነችም አሉት። በማግስቱ መካኒክ ይዞ መጥቶ ኮፈኗን ከፍቶ ግማሽ ቀን ፈተሸ፤ ምንም ባያገኝም፣ እንዲህ ቶሎ የተሰጠች መኪና ሳትታመም አትቀርም ብሎ ሃምሳ ሺህ አስቀነሰ። ጋሽ አብዱናሲር ያንንም እሺ አሉ። በሌላ ጊዜ ቢሆን ሆዴን ይዤ የምስቅበት ነገር ነበር።

የከርሞው የሐጅ ክፍያ ይጨምራል እየተባለ ነበር። ከተገኘው ላይ የጋሽ አብዱናሲር መድኃኒት፣ የሐቢባ ሕክምና አለ። በየትኛውም መንገድ ቢያሰሉት በእርግጠኝነት የሚበቃው ለአንድ ሰው ነው። በዚያው ሰሞን የሐቢባ ወንድም ሀሰን ከባቲ ደውሎ ከርሞ አላህ ካለ እንደሚመዘገብ ነገራት። ስልኩን ዘግታ ወደ ሱቋ ተመለሰች።

በማግስቱ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ፀሐዩ ከግቢው ግማሽ ላይ ሲነሳ፣ ጋሽ አብዱናሲር ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። እኔ በሬ ላይ ጫማዬን እያጠብኩ ነው። ሐቢባ አዲስ የመጡ ሽርጦችን በአራት እያጠፈች ትደረድራለች። ሥራዋን ሳታቆም ተናገረች።

«የሃፍሳ አባት፣ ያለው ለአንድ ሰው ነው። ከርሞ ከሀሰን ጋር አንተ ሂድ። እዚያ ስትደርስ በስሜ ዱዓ አድርግልኝ፤ እሱ ይበቃኛል።»

እጄ ጫማው ላይ ቀረ። አሳይታ ከተጋቡ ጀምሮ ስንዝር ያልቀነሰችውን ነገር ነው እንደዚያ በአንድ ጊዜ የለቀቀችው። ድምፅዋ ውስጥ ቅሬታ ብፈልግ አጣሁ፤ እሱ ነው የባሰብኝ።

«አንቺ ነሽ የምትሄጂው» አሉ ጋሽ አብዱናሲር።

ወዲያው ነው ያሉት፤ ትንፋሽ እንኳ አልወሰዱም። እኔ በግልጽ ሰማኋቸው። ሐቢባ ግን ተናግራ እንደጨረሰች ሽርጦቹን ታቅፋ ወደ ሱቋ መንገድ ጀምራ ነበር። መልስ ይመጣል ብላ ስላልጠበቀች ጆሮዋ እኛ ጋ አልነበረም። «ሐቢባ» ብዬ ልጠራት ብዬ ምላሴን ነከስኩ።

ጋሽ አብዱናሲር ከጀርባዋ አዩዋት። ከዚያ በመዳፋቸው ግድግዳውን ገፍተው ተነሱ፤ ጫማ አላደረጉም፣ ዱላቸውንም ረሱ። በሚያመው እግራቸው ግቢውን አቋርጠው፣ ሁለት ጊዜ ቆመው አርፈው፣ ሱቁ በር ደረሱ። ጉበኑን ይዘው፣ እሷ ቀና ብላ እስክታያቸው ሳይጠብቁ፣ ደግመው ነገሯት።